በወተት የዋጥኩት ኪኒን

ውድ እማማ፣

ሰላም ነዎት? ልጅዎስ እንዴት ናት? ትንሿ ሕፃንስ ታስተኛችኋለች ወይስ ሌሊቱን ቀን አድርጋባችኋለች? ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርዎ ነበር፤ ግን እርስዎ ስልክ ሲያነሱ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይለቁታል። ባለፈው ስለ ጤናዬ ገና አፌን ስከፍት የልጅዎ ባል ከወዲያ ሆኖ «እግዜር ይማርሽ!» አለኝ። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና ለብቻዎ ያንብቡልኝ።

ነገሩ ስለ ወተቱ ነው።

እኛ ዘንድ በነበሩ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ተነስተው ወተት ያሞቁልኝ ነበር። ብርጭቆውን ይዘው አልጋዬ አጠገብ ይቆማሉ፤ እስክጨርስ ንቅንቅ የለም። ያቺን ትንሽ ነጭ ኪኒን በወተቱ ስውጥ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ባዶውን ብርጭቆ ይዘው ይሄዳሉ። ኋላ ላይ ግን ወተቱን በፔርሙስ እየያዝኩ ወደ ሥራ መውጣት ጀመርኩ። «ምነው፣ ሰለቸሽ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ በጭራሽ» አልኩ። ቅር እንዳለዎት ግን ከፊትዎ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ልጅዎ ወለደችና ወደ እሷ ሄዱ፤ ነገሩም በመካከላችን እንዳደረ ቀረ።

ኪኒኑ ቫይታሚን አይደለም፣ እማማ። ቫይታሚን ነው ያለዎት ወንዱ ልጅዎ፣ ባሌ ነው፤ እንዳይጨነቁ ብሎ። ሲያገኙት ጆሮውን ቆንጠጥ ያድርጉልኝ። አንገታችን ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ሁሉም ሰው አለችው፤ እርስዎም አለችዎ። የኔዋ ሥራ ጠልታ ተኝታለች። ዕጢ ስል አይደንግጡ፣ ክፉ ነገር አይደለም፤ ብቻ እሷ ስትሰንፍ ሰውነት ሁሉ አብሮ ይሰንፋል። ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት ቀን ሹራብ ደርቤ ስፌት ቤት የምቀመጠው፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው፣ ሳልበላ የምወፍረው በእሷ ነው። የወር አበባዬም እንዳሻው ይመጣል፣ እንዳሻው ይቀራል። ልጅ እንቢ ያለን በዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብለውናል።

ውፍረቱስ ምን አደረገኝ መሰለዎት! አንድ ቀን ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ ወገቧን ስለካት ሆዴን ነካ አድርጋ «እሰይ! ስንት ወርሽ ነው?» አለችኝ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ የስፌት መኪናዋን ቀጥ አደረገች። እኔ ደግሞ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ «አምስት» አልኳት። ሴትየዋ መርቃኝ ሄደች፤ እኔም አሜን ብዬ መጋረጃው ጀርባ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጓደኛዬ መጥታ አቀፈችኝና «ቆይ፣ ለምን አምስት አልሽ?» አለችኝ። «ዘጠኝ ብላት እዚሁ አዋልጄሽ ካልሄድኩ ትል ነበራ!» አልኳት። እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ። መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳላሳልፍ እየወሰድኩ ደሜ ሲመረመር ውጤቱ ፍንክች አይልም። ዶክተሯ መጠኑን ጨመረችልኝ፤ ያው ነው። እንደገና ጨመረች፤ ያው ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን አስቀምጣ አየችኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ትወስጂዋለሽ?»

«በየቀኑ።»

«በባዶ ሆድ?»

«ገና ከአልጋ ሳልወርድ።»

«በምን ነው የምትውጪው?»

«በወተት።»

ብዕሯን ጣል አደረገችው። «በወተት! ማነው በወተት ዋጪ ያለሽ?»

«አማቴ ናቸው የሚያሞቁልኝ።»

ሳቋን ለመያዝ ስትታገል አየኋት። «አማትሽ በጣም ይወዱሻል ማለት ነው። ግን ስሚኝ፣ ወተት ይሄን መድኃኒት ሰውነትሽ በደንብ እንዳያገኘው ይይዝብሻል። በውኃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ወተቱን ብዙ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ።»

መጠኑንም ወደ ቀድሞው መለሰችልኝ። ያን ዕለት ቤት ስገባ ልነግርዎ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እርስዎ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጠገብዎ ቁጭ ከማለቴ የሆነ ነገር ወጋኝና ዘልዬ ተነሳሁ። «የሶፋው ሽቦ ነው፣ አርጅቷል» አሉኝ። ሶፋው አዲስ ነው፣ እማማ። ለልጅዎ ልጅ የሚሠሩትን ሹራብ ከነመሥሪያው ትራሱ ሥር እንደከተቱት ገባኝ። የልጅዎን እርግዝና ሆዷ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ የደበቁኝም እኔ እንዳይከፋኝ ብለው ነው። እንዲህ ለሚጠነቀቅልኝ ሰው «ወተትዎ ነው መድኃኒቴን የከለከለኝ» ብዬ እንዴት ልናገር? ሌሊት እንቅልፍ አይወስድዎትም፤ ራስዎን ሲኮንኑ እንደሚያድሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ወተቱን በፔርሙስ ይዤ እየወጣሁ ምሳ ላይ ጠጣሁት። አንድ ጠብታ አልደፋሁም፤ ጓደኛዬ ምስክሬ ናት፣ ስትለምነኝ እንኳ አላቀመስኳትም።

አሁን ግን ልነግርዎ የምችልበት ቀን መጣ። ትናንት ውጤቴን ወሰድኩ፤ ልክ ገብቷል! ዶክተሯ «በይ አሁን ሞክሩ። ያረገዝሽ ከመሰለሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ፣ የመድኃኒቱን መጠን ወዲያው ማስተካከል አለብን» አለችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» ብላት «ቃል አልገባልሽም፤ ግን መንገዱ ተከፍቷል» አለችኝ። ብርዱም ለቆኛል። ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ሳላርፍ ስወጣ፣ ልጅዎ ከኋላዬ እያለከለከ «ማነሽ አንቺ?» ይለኛል። ሲያፏጭ ነው የዋለው። ለማን እንደሚያፏጭ አይጠይቁኝ።

እኔ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «አንቸኩልም፣ ሲመጣ ይመጣል» ስል ኖሬያለሁ። በፈገግታ ነው የምለው፤ ያመኑኝም አሉ። ባሌን እንኳ የማጽናናው ይህንኑ እያልኩ ነው። ለማንም እውነቱን ተናግሬ አላውቅም፤ አንዴ ካልኩት በኋላ ሳይሆን ቢቀር መግቢያ የሚጠፋኝ ይመስለኝ ነበር። ለእርስዎ ግን ልበለው። ልጅ እፈልጋለሁ፣ እማማ። በጣም እፈልጋለሁ። ልብስ ስቆርጥ እፈልጋለሁ፣ ታክሲ ስጠብቅ እፈልጋለሁ። ይኸው አልኩት፤ ምንም አልሆንኩም።

አደራ፣ እርስዎም ዝም አይበሉኝ። ቢመኙ ይመኙልኝ፣ ቢጸልዩ ጮክ ብለው ይጸልዩልኝ፣ ልጅዎ ልጅዋን ስታሳቅፍዎ ፎቶ ተነስተው ይላኩልኝ። አይከፋኝም፤ ቢከፋኝም እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ ስትበረታ ደግሞ ወደኛ ይምጡ። የምሥራች እስኪኖር ብለው አይጠብቁ። የምሥራች ከሆነ መጀመሪያ የምጮኸው እርስዎ ጆሮ ላይ ነው፤ ካልሆነም የማለቅሰው እርስዎ ትከሻ ላይ ነው።

በናፍቆት የምትጠብቅዎ፣
ምራትዎ