ላሟ ከጣሳው ላይ ስትወርድ

ጥር 24፣ ማክሰኞ
የላሟ የኋላ እግር እምቢ ብሎኛል። ደብተሬ፣ ላም እንዲህ አስቸጋሪ ፍጡር መሆኗን ማን ነገረኝ! የዘይት ፋብሪካችን ጣሊያናዊ ሥራ አስኪያጅ ሙሴ ኒኮላ በአዲሱ ጣሳ ላይ የሰባች ላም ትሳል ብለዋል። በአገራቸው ላም ማለት ጥጋብ ነው አሉ። ዘይታችን የሚወጣበት ኑግም ከእግሯ ሥር ያብባል። የጎረቤታችንን ላም ልስል አቃቂ ወንዝ ዳር ወረድኩ፤ ወረቀቴን ልትበላው ምንም አልቀራት።
እስከ ፋሲካ ሙከራ ላይ ነኝ። ጣሳው ከተሸጠ ቋሚ ሠዓሊ። ካልተሸጠ ደብረ ዘይት፣ የወንድሜ ልጆች ጠባቂ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ግን አይሆንም።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ
ጣሳዬ ወጣ! ቢጫ አበባ፣ ቀይ ላም፣ ያብረቀርቃል። ለእማዬ አንድ አመጣሁላት። እልል አለች። መደርደሪያው መሃል አስቀመጠችው፤ ወ/ሮ አስካለን ከጎረቤት ጠርታ የልጄ ሥራ እያለች አሳየች። ዛሬ እግሬ መሬት አልነካም።

መጋቢት 1፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ
ጾም ገብቷል። እማዬ ሽሮ ትሠራለች፤ በሌላ ዘይት! የእኔ ጣሳ እንደታሸገ ነው። ለጌጥ ያስቀመጠችው መስሎኝ ለምን አትከፍቺውም አልኳት።
"ላም ያለበትን? በጾም?"
ኑግ ብቻ እኮ ነው፣ ቅቤ የለበትም አልኳት።
"ታዲያ ላሟ ምን ትሠራለች?"
 ጣሳው ይሸጥ እንደሆነ ላጣራ ሮጬ ሳሪስ፣ ሐጂ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ጣሳዎቼ እስከ ጣሪያ ተከምረዋል። ሙስሊም ደንበኞቻቸው ይገዛሉ፤ ጿሚው ግን ያነሳል፣ ላሟን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ዋናው የዘይት ገበያ ደግሞ አሁን ነው! እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጾም! ስስል ውበቷን ብቻ ነው ያየሁት። አፈርኩ። ሳቄ መጣ። ደብረ ዘይት ትዝ ሲለኝ ጠፋ።

መጋቢት 2፣ ዓርብ
ለሙሴ ነገርኳቸው። ወተት አለበት ወይ አሉ። የለም። ታዲያ ችግሩ ምንድነው? በአማርኛ፣ በእጅ፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛ አስረዳሁ። ሲገባቸው ራሳቸውን ያዙ። ላም ትሳል ያለው ማነው አሉ! እርስዎ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ያለው ጣሳ ለእነሐጂ ይሂድ፤ ለጿሚው ሌላ ሥዕል፣ ለሰኞ አሉ። የመጨረሻ ዕድሌ መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል።

መጋቢት 4፣ እሑድ
አበባ ብቻ ብስለው የመጋረጃ ጨርቅ መሰለ። ቀደድኩት። እማዬ ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች። ይቺ ናት! ጿሚ እናት፣ ዘይቱን ድስት ውስጥ ስታፈስ። እሷን የማያምን ማን አለ? ስነግራት ፊቴ ገበያ አይወጣም ብላ ጮኸች። ትንሽ ቆይታ ጣሳዬን ከፈተችው። አሸተተች፣ ቀመሰች። ኑግ ነው አለች። ከዚያ ፊቷን ቅባት ተቀብታ መጣችና በየት በኩል ልቀመጥ አለችኝ። እኔ ሳልኩ፣ እሷ ስለ ጾም ሰበከችኝ።

መጋቢት 5፣ ሰኞ
ቋሚ ነኝ! ቋሚ! ሙሴ ሥዕሉን ሲያዩ ጠረጴዛውን መቱ። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ አፍንጫዋ ትንሽ ይነስ።
ቤት ገባሁ። እማዬ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። አንድ ነገር ብቻ አለች፤ አፍንጫዬን አሳንሺልኝ።
ለሁለቱም እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ። ያ አፍንጫ የእኔም ነው። አላሳንሰውም።