የጂሚ ግራ እጅ

ሰኞ

በሽተኛ አይደለም። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፣ ሳል የለውም፣ ሆዱም አልተነፋም። ጂሚ የራበው እንጂ የታመመ ቺምፓንዚ አይደለም።

የፋብሪካችን የድሮ ሥራ አስኪያጅ፣ ፈረንጁ፣ አገሩ ሲገባ ከነሽቦ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጥሎት ሄደ። አዲሱ ደግሞ «ዝንጀሮ ማሳደግ አልፈልግም» ብሏል። ድሬዳዋ የሚወስደው ሰው ስለተገኘ ቅዳሜ በዕቃ ባቡር ይላካል። እስከዚያ ካልበረታና የሚጫንበት ሳጥን ውስጥ ካልገባ ግን በጥይት ሊገላገሉት ነው። እኔን ድሬሰሯን ከክሊኒክ የጠሩኝም ለዚሁ ነው። የሰው እንጂ የዝንጀሮ ሐኪም አይደለሁም ብዬ ነበር። ካየሁት በኋላ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላስገድለውም።

ማክሰኞ

ጉድ እኮ ነው። ዛሬ ጋሽ ደምሴ ሲያበሉት ቆሜ አየሁ። ጋሽ ደምሴ የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ ፈረንጁ ከሄደ ወዲህ የሚመግቡት እሳቸው ናቸው። ሙዝ ይዘው ቀረቡ። ጂሚ ግራ እጁን በሽቦው መሃል ዘረጋ። እሳቸው ሙዙን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«በቀኝህ» አሉት።

ግራውን እንደዘረጋ ቀረ። እሳቸውም ሙዙን ይዘው ሊመለሱ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ታዲያ በግራው ልስጠው? ልጆቼንም ያሳደግኳቸው እንዲህ ነው። ስድ አላደርገውም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። እኔም ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ በግራዬ በጎረስኩ ቁጥር እናቴ እጄን በማማሰያ ትመታኝ ነበር። አሁን በቀኜ እበላለሁ፤ መርፌ ግን በግራዬ ነው የምወጋው፣ እስካሁን የሞተብኝ የለም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሙዙን ተቀብያቸው ለጂሚ በግራው ሰጠሁት። ልጣጩን እንኳ አላስተረፈም።

ሐሙስ

መብላቱን በልቷል። ዳቦ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ያገኘውን ሁሉ። ችግሩ ሳጥኑ ነው። ከሽቦ ቤቱ በር ጋር ገጥመን ከፈትነው። ወደ ውስጥ በጣቴ ጠቆምኩት፤ ጣቴን አየ። መዳፌን ወደ ታች አድርጌ እጄን እያወዛወዝኩ ና ና ስለው ያባረርኩት መስሎት ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። ለካ ፈረንጁ የሚጠራው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ናቸው የነገሩኝ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየንና «እስከ ነገ ማታ ነው» ብሎኝ ሄደ። እልህ ያዘኝ። ጂሚ ራሱ ሲለምን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋል። እኔስ እንደሱ ብለምነው?

ዓርብ

ገባ።

ከሳጥኑ ማዶ ተንበርክኬ ግራ እጄን በሳንቃው ክፍተት አስገባሁ። መዳፌን ወደ ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ። ምንም አልያዝኩም። ጂሚ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሲበላ የነበረውን ግማሽ ሙዝ እንደያዘ ገባና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ጋሽ ደምሴ ከኋላው በሩን ዘጉ።

ጩኸቱ አንጀቴን በላው። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ» አለኝ። ጎበዝ መሆኔን አውቃለሁ። የሰጠኝን ሙዝ ይዤ ስቆም ግን አፈርኩ።

ቅዳሜ

ከባቡር ጣቢያ አሁን ገባሁ። ሳጥኑ ፉርጎው ላይ ሲጫን እጄን እንደ ትናንቱ ዘረጋሁለት። ጀርባውን ሰጠኝ።

ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀረቡ። ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ፣ ዝቅ ብለው ዳቦውን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ዞረና በግራው ተቀበላቸው።

ለባቡሩ ሠራተኛም «በግራው ስጡት፣ የሱ ነውር የለውም» አሉት። ሰውየው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ባቡሩ ሄደ። ጂሚ በሕይወት አለ፤ የፈለግኩትም ይኸንኑ ነበር። እኔን ግን ዞሮ አላየኝም።