ማሽኑ ገመቹን አያውቀውም

ሰኞ

ናቲ ዛሬም ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም። ከመናኸሪያው ጀርባ የቁማር ማሽን ቤት አገኘሁት፤ ገመቹ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ። ታላቃችን ገመቹ ከሞተ ሃያ ሦስት ቀኑ። ከኡካ ከተማ ሲመለስ ባጃጁ በዝናብ ተንሸራትቶ ተገለበጠ።

"ገመቹ ይህን ማሽን ስንት ጊዜ ብር አብልቶታል! ጠግቧል፣ አሁን ለእኛ ሊተፋ ነው" አለኝ። ናቲ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው። መጫወቻ ብር ሲያልቅበት የገመቹን ስልክ ሐሙስ ሊሸጥ ተስማምቷል። የገመቹ ድምፅ የቀረው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ለእማዬ እንዳልነግራት ከቀብሩ ወዲህ እህል እንኳ በቅጡ አልቀመሰችም።

ማክሰኞ

የአማርኛ መምህራችን የአንድ ተራ ቃል ትርጉሞች ሰብስቡ አሉን። "ዕድል"ን መረጥኩ። ዕጣ፣ ድርሻ፣ አጋጣሚ፣ ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ ጨራ የሚሉት። ከሁሉም ውስጥ "የበላውን ይመልሳል" የሚል የለም።

ሳይመሽ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ማሽን ከፍተው ያውቃሉ። "ቁልፉን ስትጫን ያኔውኑ እንደ ዕጣ ቁጥር ያወጣል፣ አለቀ። ሥዕሎቹ የሚሽከረከሩት ለዓይንህ ነው። ማን እንደተቀመጠ፣ ስንቴ እንደተበላ አያውቅም፤ ብዙ እንዲበላ ግን ቀድሞ ተሰልቶለታል።"

ረቡዕ

ሦስት ጣሳ፣ እንደ ማሽኑ ሦስት ሥዕሎች። በእያንዳንዱ ዘጠኝ የበቆሎ ፍሬና አንድ ቀይ ባቄላ። ናቲ ዓይኑን ጨፍኖ ከየጣሳው አንድ አንድ ያወጣል፣ መልሶ ይከታል። ሦስቱም ቀይ ከሆኑ መቶ ለውዝ እሰጠዋለሁ፤ ካልሆነ አንድ ለውዝ ይሰጠኛል። እያንዳንዷን ፊቱ እየበላሁ።

ሁለቴ ሁለት ቀይ ወጣለት። "ለጥቂት!" ብሎ ጮኸ። አርባኛው ላይ፦ "አሁንስ ደረሰ!"

"ጣሳው ይቆጥራል እንዴ?"

"ዝም ብለህ ብላ፣ ሆዳም!"

ስልሳ ምናምን ላይ እጁ ጣሳው ውስጥ እንዳለ አቆመ። "ማሽኑ ገመቹን አያውቀውም ማለት ነው?" አለ። አለቀሰ፣ እኔም። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። የነገው ሽያጭ ግን እንዳለ ነው።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ሮጬ ገበያ ደረስኩ። ስልክ ገዢው ቆሟል፣ ናቲ ፊቱ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አይሸጥም" አለ ናቲ።

"ባለፈው ግዛኝ ብለህ እግሬ ሥር አልነበርክ?"

"ባለፈው አላወቅሁም ነበራ!"

በማሽን ቤቱ በር ስናልፍ እዚያ የሚጫወቱት ልጆች፦ "የገመቹ ወራሽ! ና እንጂ፣ ማሽንህ ሊተፋ ነው!"

"እናንተን ነው የሚተፋው!" አለ ሳይቆም። እኔ መንገድ ላይ እየዘለልኩ ጮህኩ፤ ሰው ኳስ ያሸነፍን መስሎት ዞሮ አየን። አሸንፈናልም!

ቤት ገብተን ስልኩን ሰክተን የተቀረጸውን መልእክት ከፈትነው። የገመቹ ድምፅ፦ "አንተ ናቲ፣ ጃኬቴን ለብሰህ ከወጣህ እገልሃለሁ!" ናቲ ያንኑ ጃኬት ለብሷል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እማዬ ከጓዳ "ምንድን ነው?" አለች። ሳቅ ከሰማች ሰንብታለች። ድምፁን ልናሰማት ስልኩን ይዘን ተነሣን፤ ትችለው እንደሆነ ግን አላወቅንም።