ዘመናይ አንደኛ ክፍል ገባች

ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጅሽ ለዘመናይ ፓስፖርት የሚያስፈልገውን ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ተሰልፌያለሁ።

እህቴ እታለም፣ ቤይሩት ላይ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ በአምላክ ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን።

ዘመናይ ከመምህራን ማሠልጠኛው ተልካ እኔ በማስተምርበት አንደኛ ክፍል ልምምድ ላይ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት የኔሰው የሚባል ልጅ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ አንብቦ ሲወጣው አስጨበጨበችለት። በቃሉ እንደያዘው ባውቅም ራሷ ትድረስበት ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ሌላ ገጽ ስትገልጥለት የትናንቱን ማለቱን ቀጠለ። ልጆቹ ሳቁበት።

«የተቀየረው ገጹ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» አለ ተናዶ።

አልተቆጣችውም። ካርቶን ቆርጣ ቃላቱን ለየብቻ ጻፈች። ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ያልገባውን በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ እያስረዳችው ሦስት ሳምንት ለፋች። ባለፈው ሐሙስ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ክትባት» የሚለውን ማንም ሳይነግረው አነበበ።

«አክስቴ፣ ለካ ሳስዘምር ነበር እንጂ ሳስተምር አልነበረም» አለችኝ። ይህን ለማወቅ እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እዚያ ያገኘሽላት ሥራ ግንቦት ላይ ይጀምራል ብለሻል። ልምምዷ የሚያልቀው ሰኔ ነው፤ ምርቃቷም ሐምሌ። «እማዬ ካለች እሄዳለሁ» ትላለች። ለልጆቹ ግን እስካሁን አልነገረቻቸውም።

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ሳስተምር ከኋላ ቁጭ ብለው ስህተቴን ይጻፉልኝ» ብላኛለች። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ግን ተደወለ። ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል፤ ጤናሽን አደራ። ወረቀቱን ሳላወጣ ሰልፉን ትቼ ወደ ክፍሏ መሄዴ ነው።

ታላቅ እህትሽ አምሳለ