ጣሊያኑ ሰማይ ያነሣበት ሌሊት

የሻረግ ሆዴ፣

አፈር ከለበስሽ ሦስት ወር አለፈ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምርልሽ ነበር፤ አይደለሁም። ሐዘን ሆድ ያባባል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል።

ቤታችን እንዳየሽው ነው። ጣሊያኖቹ የሣር ክዳኑ ላይ እሳት ሲለቁ አንቺ በትኩሳት ተኝተሽ፣ እኔ ማኅሌት ቆሜ ነበር። ከእሳቱ ቢያወጡሽም ትኩሳቱ አልለቀቀሽም። አሁን የቀረው ጥቁር ግድግዳ ነው፤ የማድረው ከእህትሽ ጓዳ ነው። ላምሽ ወልዳለች። ሌላ የምነግርሽ ደግ ወሬ የለኝም።

የምጽፍልሽ ስለ አርባሽ ነው። ካህናቱ ሌሊቱን ፍትሐት ሊያደርሱልሽ፣ ከዚያም ጧፍ ይዘን መቃብርሽን ልንዞር ተሰናድተን ሳለ፣ ያው ቤታችንን ያስቃጠለው ሻምበል በበቅሎ መጣ። ጣሊያኖቹ የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ ለማገዶ ከጨፈጨፉት ወዲህ ግቢው ከማዶ ጉብታ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ባለ ሦስት እግር ካሜራ ተከለ። ሲያልፍ ሽቶው ከበቅሎዋ ላብ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ። አስተርጓሚው መጥቶ ነገረን፦ ጌታው ከጮቄ ተራራ በላይ ያለውን የኮከብ ሰማይ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ነው፤ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ብዙ ስለሚቆይ ትንሽ ብርሃንም ያበላሽበታል፤ ስለዚህ የአገሩ እሳት ሁሉ ይጥፋ፣ ጧፍም እንዳይበራ። አገራችሁ እንዴት ውብ ነው ይላል፣ ለእናቱ ሊልክላት ነው አለን ደግሞ፣ ደስ እንዲለን።

ለእናቱ። ቤታችን ሲነድ የነበረው ብርሃን ዓይኑን አልወጋውም፤ ያንቺ ጧፍ ወጋው። ጅብስ በማያውቁት አገር ሄዶ ነው ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው፤ ይኼኛው በሚያውቁት አገር ነው። ይበልጥ የተፀየፍኩት ግን የኛን ጭቃ ሹም ነው። ከቤት ቤት እየሮጠ ምድጃ ያስዳፍናል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ አራስ ቤት ገብቶ እሳት ላይ ውኃ ሲደፋ አየሁት። ልተፋ ስል፣ የቆምኩት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ምራቄን ዋጥኩ።

ቄሱ፣ ፍትሐቱን በቃላችን እናደርሰዋለን፣ እግዚአብሔር በጨለማም ይሰማል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንቺ ግን ጨለማ ትፈሪያለሽ። ከምድጃው ፍም ካልታየሽ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር። የደብተራ ሚስት ሆነሽ ጋኔን ትፈሪያለሽ እያልኩ ስስቅብሽ፣ የሚጠራውስ ማን ሆነና ትይኝ ነበር።

ስለዚህ ፍትሐቱ ሲያልቅ አንድ ጧፍ ለኮስኩ። ከደጀ ሰላሙ እስከ መቃብርሽ ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ አልሸሸግኩትም። ሦስቴ ዞርኩሽና ጧፉ እስኪያልቅ ከራስጌሽ ቆምኩ። ሻምበሉ ካሜራውን ከፍቶ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ተኝቶ ኖሯል። አስተርጓሚው ግን አይቶኛል፤ አልቀሰቀሰውም።

ባለፈው ሳምንት ሮብ ገበያ ስወርድ ይኸው አስተርጓሚ ወደ ጥግ ጠራኝና አንዲት ወረቀት ከጋቢዬ ሥር ወሸቀልኝ። ሻምበሉ አጥቦ ሲያየው ተናዶ የወረወረው ፎቶግራፍ ነው። ከዋክብቱ ነጥብ አይደሉም፤ ሰማዩ ሲዞር አብረው እየተጎተቱ ጭረት ሆነዋል። ተራራው ጥቁር ነው። ከሥሩ ግን ከደጀ ሰላሙ ተነሥታ ወዳንቺ የምትሄድ፣ ጧፌ የሳላት ነጭ ክር አለች። እኔ አልታይም። ክሯ መቃብርሽ ዘንድ ስትደርስ ትጠመጠማለች፤ ከራስጌሽ ላይ ከኮከቡ ሁሉ ደምቃ ትቆማለች። ለእናቱ አልላከላትም።

ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የዚያ ሰው እጅ የነካውን ከዳዊቴ ጋር ማኖሬ አሁንም ያቅለሸልሸኛል፤ ቢሆንም አንቺ አለሽበት። ጣሊያኖቹ ኖሩም ሄዱም፣ ዓመት በመጣ ቁጥር በዚያች ሌሊት ጧፍ ይዤ በዚያው መንገድ እመጣለሁ። አትፍሪ፣ ሆዴ።