የወይዘሮ ኢሊሊ ጎንፋና ልቅሶ ያልተደረሰለት የልጃቸው የሞሲሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኢሊሊ ጎንፋ ከአባታቸው ከአቶ ጎንፋ ሆርዶፋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቄ ባይሳ በ1950 ዓ.ም. በወሊሶ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ወሊሶ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ቶኩማ ዲንሳ ጋር በተክሊል ተጋብተው በ1979 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ሞሲሳን ወለዱ። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው አቶ ቶኩማ በማረፋቸው ብቻቸውን አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዲቪ ደርሷቸው ከልጃቸው ጋር ሚኒያፖሊስ ገቡ፤ ፊሊፕስ ሰፈር ተቀመጡ። አውሮፕላን ላይ የሚጫን ምግብ በሚያዘጋጅ ኪችን ውስጥም ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ሠሩ።

ከዚህ በላይ ስለ እርሳቸው እንዳይጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ባለፈው መስከረም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ይህን ታሪክ የጻፈውን የእህታቸውን ልጅ ቸሩን አስጠርተው፣ «እኔን ወሊሶ ተወለደች፣ አሜሪካ ሞተች ብለህ ጨርስ። የሞሲሳ ታሪክ ግን አልተነበበም። የኔ ቀብር ላይ ይነበባል፤ ሰው እንደሆነ ለኔ አይቀርም» አሉት። ቸሩ፣ «አክስቴ፣ ሰዉ ይቀየማል» ቢላቸው፣ «ይቀየማ! ምን ቀረኝና ነው የምፈራው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቸሩ ወደዚህ አገር የመጣው ሞሲሳ ከሞተ በኋላ ስለሆነ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ እሳቸው እየነገሩት ጻፈ። የሟች ቃል አይታጠፍምና ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሞሲሳ ነው።

ሞሲሳ ቶኩማ ሚኒያፖሊስ ሲገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። እንግሊዝኛውን ቶሎ ያዘ፤ እናቱ በአማርኛ ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ እሳቸው ደግሞ ሲበሽቁ በኦሮምኛ ይወርዱበታል። ከበሮ ሲይዝ ግን ወዝውዞ ያስነሣ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት መቺው እሱ ነበር፤ ኋላም የሀበሻ ሠርግ ዲጄ ሆነ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ሙሽሮች መካከል ሞሲሳ ያላጫወተላችሁ ብትኖሩ ጥቂት ናችሁ። ቤት ስትገቡ የሠርግ ቪዲዮአችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ ከስፒከሩ ጀርባ ቆሞ የሚስቀው ቀጭን ልጅ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጌይ መሆኑን ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ ኢሊሊ እልል አላሉም፤ ውሸት ለማን ይጠቅማል? አለቀሱ፣ ጸበል ወሰዱት፣ ስለት ተሳሉ። ኩርፊያው ከፍልሰታ ጾም እስከ ደመራ ቆየ። በመጨረሻ፣ «አምጬ የወለድኩትን ማን ይረከበኛል?» ብለው ማኩረፉን ተዉት። ወሬው ግን እሳቸው እንባቸውን ሳይጠርጉ ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው አፕል ቫሊ ደርሶ ተመልሷል። የሠርግ ጥሪው ቀረ። ከበሮውን ሌላ ሰው እንዲይዘው ተደረገ። ዳቦ ቤት በር ላይ ሞሲሳ ሰላም ያላቸው እናት የሕፃን ልጃቸውን እጅ ጎትተው ሄዱ፤ የእኚህን እናት ስም ወይዘሮ ኢሊሊ ተናግረዋል፤ ቸሩ ነው ያልጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሞሲሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዱሉዝ ሄደ። ዱሉዝ ማዶው የማይታይ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ባሕር ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ። እዚያ ውሃው ዳር ያለ አንድ የጌዮች ዳንስ ቤት ዲጄ አድርጎ ቀጠረው። እናንተ «የሰዶም ቤት» ስትሉት የነበረው ይህ ነው። ከእናንተ መካከል በሩን ያየ የለም፤ ያዩት እሳቸው ናቸው።

በ2014 ሰመር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንዳጣፉ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ቤቱ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ያስጨፍር ነበር። ምን ጠብቀው እንደነበረ እግዜር ይወቅ፤ የገቡት መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ነው። ያገኙት ግን ፀጉራቸው የሸበተ ወንዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲደንሱ፣ ሴቶች ሲሳሳቁ፣ የዳንስ ቤቱ ባለቤትም መደገፊያ ያለው ወንበርና ስፕራይት ይዞ ሲሮጥላቸው ነው። ሞሲሳ ደንግጦ፣ «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ሲላቸው፣ «ሥራህን ሥራ፣ ምን ያስፈጥጥሃል!» አሉት። ያን ጊዜ ረገዳ ከፈተ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ተሰልፎ ወለሉን ይረግጠው ጀመር፤ ያስተማራቸው እሱ ነው። ወይዘሮ ኢሊሊ ሲመለሱ ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ኡሙሃኒ፣ «ልጄን ሰው ወዶታል፤ በዓይኔ አየሁ» አሏቸው። ከሞሲሳ ጋር እንደ ባለትዳር አብሮት ይኖር የነበረውን ኤሪክን ያወቁትም ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወሉ ቁጥር «ያ ረጅሙ በላ ወይ?» ሳይሉ አይዘጉም ነበር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ሞሲሳ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ሀይዌይ 35 ላይ መኪናው በበረዶ ተንሸራቶ ተገለበጠ፤ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ወይዘሮ ኢሊሊ እድሩ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ነበሩ። ደንቡ የአባል ልጅ ሲሞት እድርተኛው ይወጣል ይላል። ሊቀመንበሩ ግን፣ «ለእሳቸው እናዝናለን፤ ለሱ ግን አንወጣም፣ ነውር ነው» ብለው ላኩባቸው። ወንበር አልመጣ፣ ድስት አልመጣ፣ ለቀስተኛ አልመጣ። ፍትሐት ተከለከለ፤ የሕይወት ታሪክም አልተነበበም። ከሀበሻ ወገን ቀብሩ ላይ የቆሙት የወሎዋ ወይዘሮ ኡሙሃኒ ብቻ ናቸው። ሙስሊም ናቸው። «ልጅ ሞቶባት ሌላ ምን እጠይቃታለሁ?» ብለው ከጎናቸው ሳይለዩ ዋሉ።

ከዱሉዝ ግን ዳንስ ቤቱን ዘግተው በሁለት አውቶቡስ መጡ። እንደኛ ደረት መምታት አያውቁበትም፤ በረዶው ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሣጥኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ለእዝንም ሚኒሶታዎች ሐዘን ቤት ይዘውት የሚሄዱትን፣ ሥጋና ድንች ከአይብ ጋር የሚጋገረውን ሆትዲሽ አመጡ። የገና ጾም መሆኑን ማን ይንገራቸው? ዕድሜ ልካቸውን ጾም ሽረው የማያውቁት ወይዘሮ ኢሊሊ፣ «የልጄ እዝን ይኸው ነው፤ ሌላ አልመጣልኝም» ብለው በሉ። ኋላ ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘው ቀኖናቸውን ተቀበሉ፤ በመብላታቸው ግን አልተቆጩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በዚህ ከተማ ሰው ሞቶ ወይዘሮ ኢሊሊ የቀሩበት ልቅሶ የለም። ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፣ ያለቀሰውን ደግፈው ይይዛሉ። የሊቀመንበሩ እናት ሲያርፉ እስከ ሳልስት ከጓዳ አልወጡም። እናንተም፣ «ወይ ኢሊሊ! ቂም የማታውቅ፣ እንዴት ያለች ሴት ናት!» አላችሁ። ያውቃሉ እንጂ! ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ነው። ለወይዘሮ ኡሙሃኒ፣ «የሁሉንም ልቅሶ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ከኔ ልቅሶ ማን ይቀራል? ያን ቀን ቁጭ ብለው ይሰሙታል» ይሏቸው ነበር። ይኸው አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። የሕይወት ታሪክ እየተነበበ፣ አስከሬን ሳይነሣ ተነሥቶ መሄድ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ነውር እንደምትፈሩ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ወይዘሮ ኢሊሊ ባለፈው ሐምሌ የጉበት ካንሰር ተገኝቶባቸው በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ወር ኤሪክ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ቤታቸው ገብቶ አስታመማቸው፤ ወይዘሮ ኡሙሃኒም በቀን በቀን ሾርባ ይዘው ይመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ተክተዋቸው የቀሩት ቸሩና ኤሪክ ናቸው። ባለሐዘኑ የትኛው ነው ለምትሉ፣ ከሣጥኑ ራስጌ የቆመው ረጅሙ ሰው ነው። «እግዜር ያጽናህ» የምትሉት ለእሱ ነው፤ አማርኛውን ይሰማል፤ እሳቸው አስተምረውታል።

በመጨረሻ ወይዘሮ ኢሊሊ አንድ ነገር አዘዋል። «ለኔ ነፍስ ይማር ባይሉኝ ግድ የለኝም፤ የኔን አምላኬ ያውቅበታል። ለልጄ ግን ይበሉልኝ፤ ሳልሰማ አልሄድም» ብለዋል። ስለዚህ ንባቡ እዚህ ላይ ይቆማል። ሣጥኑን የሚሸከሙት ከዱሉዝ የመጡት ሰዎች ናቸው፤ ሞሲሳን የተሸከሙትም እነሱ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት የነፈጋችሁትን እናንተ በአንድ ድምፅ እስክትሉ ድረስ አያነሡትም።

የሞሲሳ ቶኩማን፣ ነፍስ ይማር።