በሩን አልከፈተችም

ናዝሬት፣ ግንቦት 7 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፤

እንደምን ከረምክ? ቁስልህ ጠገገልህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔን ከጠየቅከኝ፣ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሌላው ሌላ ነው። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ታናሽ እህቴ ጉዲቱም እንዲሁ። የሆስፒታሉን አድራሻ የሰጠኝ ወንድምህ ደገፋ ነው፤ ያውም በስንት ልመና! እንዳትቆጣው።

መጀመሪያ ልጣላህ። በስልሳ ሰባት ሲኒማ ቤት ተደብቀን ያየነውን ያን አስፈሪ ፊልም መቼም አትረሳውም። እማዬ «ሲኒማ የሰይጣን ጉባኤ ነው» ስለምትል የመዝሙር ልምምድ አለብኝ ብዬ ነበር የወጣሁት። ሟቹ ሰውዬ ፊቱ ተበላሽቶ ከመቃብር ተነስቶ የእጮኛውን በር ሲያንኳኳ፣ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ደረትህ ውስጥ ተወሸቅኩ። «ምን ሆነ?» ስልህ፣ «በድምፁ አወቀችው። እየተንቀጠቀጠች ከፈተችለት፤ አቀፈችው» አልከኝ። አመንኩህ። አምኜም ዝም አላልኩ፤ ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ለሰፈሩ ሴት ሁሉ እንደዚያ አድርጌ ሳወራው ኖርኩ። አንተ ከዘመትክ ወዲህማ «እኔም ብሆን በድምፁ አውቀዋለሁ» እያልኩ እፎክር ነበር።

ባለፈው ወር ሹፌሩ አብዱናሲር ከአሰብ ቪዲዮ ይዞ መጥቶ ያንኑ ፊልም አያሳየን መሰለህ! ሴቶቹ ሳሎኑን ሞልተን ተቀመጥን። በሩ ሲንኳኳ ሁሉም «አሁን ትከፍትለታለች» ብለው ጠበቁ። ሴትዮዋ ሆዬ በሩን ቀረቀረችው! ጮኸች፣ ጎረቤት ጠራች፣ በእሳት አቃጠሉት። ጉዲቱ «ውሸት ነው! ክፈቺለት እንጂ አንቺ!» እያለች ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣላች። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ምነው ዋሸኸኝ?

ከዚያ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ መጣህ። ፊትህን በፎጣ ጠቅልለህ፣ «አከም ኦልቴ» ብለህ ሰላምታ ሰጥተህ ሳሙና ጠየቅክ። ፎጣው ሸርተት ሲል ጦር ሜዳ ታንክህ ውስጥ እሳቱ ያደረገህን አየሁ። ሳሙናውን እጅህ ላይ ማስቀመጥ አቅቶኝ ባንኮኒው ላይ ገፋሁልህ። አልሄድክም፤ ቆመህ ጠበቅከኝ። እኔም ዓይኔን ሚዛኑ ላይ ተክዬ «ሌላ የሚፈልጉት አለ?» አልኩህ፤ አንቱ ብዬ፣ እንደ ባዕድ ሰው። «የለም፣ እህቴ» ብለህ ወጣህ።

ለደገፋ «አላወቀችኝም፤ እንኳንም አላወቀችኝ። ቀለበቱን ታውልቅ፣ ነፃ ናት በላት» ብለኸዋል። መልእክትህን ሲያደርስልኝ፣ «እውነቴን ነው፣ አላወቅኩትም» ብዬ ማልኩለት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ! አንተን ግን አልዋሽህም። ገና አፍህን ስትከፍት አውቄሃለሁ። አወቅኩህና ፈራሁህ። ከሄድክ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ለምን እንደዋሸኸኝ አሁን ሳስበው፣ እንዳልፈራ ብለህ ነው። ጎበዝ አድርገህ ገመትከኝ፤ እኔ ግን ያልከኝን ሆኜ አልተገኘሁም። ከአሁን በኋላም አልፈራህም ብዬ አልምልልህም፤ ፍርሃት በአንድ ቀን የሚለቅ ነገር አይደለም። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደብረ ዘይት እመጣለሁ። እማዬ ቆሎ ቋጥራልሃለች። ስታየኝ ፊቴን ባዞር ታገሰኝ፤ መልሼ አይሃለሁ። ወጥተህ እንዳትሸሸኝ ብቻ።

ቀለበቱን በተመለከተ፣ እውነቱን እወቀው፤ አውልቄው ነበር። ሁለት ቀን ሳጥን ውስጥ አደረ። ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ መልሼ አደረግኩት።

ጌታ በቁስልህ ላይ እጁን ይጫንልህ፤ የሚያክሙህንም ያበርታልህ።

እጮኛህ